ድመቷ የት አደረች?

ጥቅምት 6 ቀን

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣ ለቀጮ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የሆቴሉ ላውንደሪ እንዴት ይዞሃል? የምትተኩሰው አንሶላ ለሚተኛበት እንግዳ ጤና፣ ለአንተ ደግሞ ሲሳይ ይሁንልህ። ከሄድክበት በሰላም የሚመልስህ ፈጣሪ ዕድሜ ሰጥቶኝ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

ስልክ አታነሳም ብለህ እንዳትቀየመኝ። ጆሮዬን በመዶሻ አደንቁሬዋለሁ፤ በስልክ ሳወራ እጮኻለሁ። ሱቄን ከጸጉር አስተካካዩ የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ስለሆነ የቤታችንን ገመና እሱ ጋ የሚላጭ ሁሉ ይሰማዋል። ወረቀት ይሻለኛል።

ሥራ ሞልቷል። ዘንድሮ ሰው አዲስ ጫማ ከመግዛት አሮጌውን ማሠራት መርጧል። እኔም እንደ ድሮዬ ነኝ፤ ሚስማር ከመታሁ በኋላ እጄን እስከ ጫፉ አስገብቼ ውስጡን ሳልዳብስ ጫማ ለባለቤቱ አላስረክብም። አንተን በዚህ ነገር ስንቴ ተቆጥቼሃለሁ፤ ትዝ ይልህ የለ?

አሁን የምጽፍልህ ስለ ማስቲሽ ነው። ድመቷን ማለቴ ነው እንጂ ሙጫውማ እዚሁ ሞልቶልኛል። መቼም ከሰው ላይ አልላቀቅ ስትል በጫማ ሙጫ ስም የጠራሃት አንተ ነህ። ታማብኛለች። የግራ እግሯ ከሥሩ ቆስሏል። ትንሽ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ አልሽር አለ። ጠባይዋም ተለውጧል። ጭኔ ላይ ትተኛ የነበረችው ልጅ አሁን መሬት ወርዳ የግራ እግሬ ላይ ነው የምትተኛው። ካልተኛች ደግሞ ታሸተዋለች። አፏን ከፈት አድርጋ ታሸትና ቀና ብላ ታየኛለች። ባባርራት ትመለሳለች። ደንበኛ ፊት ስታደርገው በጣም አፍራለሁ።

እዚያ አገር የእንስሳት ሐኪም አለ ብለኸኝ አልነበር? እስቲ ጠይቅልኝና ለቁስል የሚሆን ቅባት ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ያቺ ወይዘሪት ያልካት የአከራይህ ድመት አሁንም ትራስህ ላይ ነው የምታድረው?

አጎትህ፣ ጫማ ሰሪው


ኅዳር 3 ቀን

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ከራሴ በላይ የማስበው እርስዎን ነው፤ የሠሩልኝ ጫማ እስከ ዛሬ ውሃ አላስገባም፤ የእጅዎን ዕድሜ ያርዝመው። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ማስቲሽ ጠየቅሁልዎት። ከሆቴሉ ጀርባ፣ የአንሶላ ጆንያ ከምናወጣበት በር ፊት ለፊት፣ የእንስሳት ሐኪም አለች። ደግ ሴት ናት፤ ገንዘብም አልተቀበለችኝም። ቅባቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሳታይ መድኃኒት መስጠት ግን አትወድም። ስንት ኪሎ ናት? ምግብ ትበላለች? ውሃ አብዝታ ትጠጣለች? ከስታለች? እግሯን ሲነኩት ትጮኻለች? ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ይጻፉልኝ።

ወይዘሪት ደህና ናት። እኔ ጋ ማደሩን እንኳ ትታዋለች። ብርድ ስለገባ ይመስለኛል፤ አከራዬ ክፍል ማሞቂያ አለ። እንደ ድሮው ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ትጠብቀኛለች፤ ሱሪዬን አንዴ አሽትታ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። የድመት ነገር! አከራዬም ሳቀችብኝ።

ለመምጣት ያሰብኩት ለጊዜው አልተሳካም። አለቃዬ ፈቃድ አልሰጠኝም። አይዘኑብኝ፤ ቢበዛ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ልጅዎ፣ ቀጮ


ኅዳር 28 ቀን

ለምወድህ ለቀጮ፤

የላክልኝ ደረሰ፤ እጅህ ይባረክ። ያየው ሁሉ ሳቀብኝ እንጂ። እኔ ለድመት አልኩህ፤ ቱቦው ላይ የተሣለው ውሻ ነው! ማስቲሽ ሥዕሉን አይታ ጀርባዋን ነፋች። ግድ የለም፣ ቅባት ቅባት ነው ብዬ ጠዋትና ማታ እቀባለሁ።

ሐኪሟ ለጠየቀችው መልስ ይኸው። እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አስቀመጥናት፤ አምስት ኪሎ ተኩል ሆነች። በጣም ከስታለች። ውሃ ውሃ ትላለች፤ አንድ ጆግ አይበቃትም፤ ለሽንት ስትነሳ ነው የምታነጋው። የሚገርመው ነገር፣ ቁስሉ ያን ያህል ሰፍቶ አይሰማትም። ብነካው፣ ባሸው፣ ምንም። ይህ ደህና ምልክት ነው አይደል? ካልሰማት እየሻረ ነው ማለት ነው ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ጨርቁን ስፈታው ካልሲው ላይ ተጣብቆ አብሮ ይላጣል፤ ሽታም አምጥቷል። ደንበኛ እንዳይሸተው የሙጫውን ቆርቆሮ ክፍቱን ትቼው እውላለሁ። ጸጉር አስተካካዩ «ዛሬ ደግሞ ሙጫህ አዞረኝ» ይለኛል፤ ሥራ በዛ እለዋለሁ።

ጠንከር ያለ ቅባት ካለ ጠይቅልኝ። ከሌለም ግድ የለም።

ስለ ወይዘሪት የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሱሪህን አሽትታ ትሄዳለች ነው ያልከኝ? ምን አሸተተች?

አጎትህ


ጥር 9 ቀን

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ሰላምታውን ሁሉ እንዳደረስኩ ይቁጠሩልኝ፤ ዛሬ ለሰላምታ የሚሆን አፍ የለኝም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። አንብቤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እንደገና አንብቤ መልሼ ከተትኩት። ትናንት ወደ ሐኪሟ ሄጄ፣ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እሷ ትጽፋለች። አምስት ኪሎ ተኩል ስላት ቀና አለች፤ «ይቺማ ጠብደል ድመት ናት፤ ማን ነው ከሳች ያለው?» አለችኝ። ቀጠልኩ። ካልሲው ጋ ስደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ድመቷ ካልሲ ታደርጋለች?» አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ጋሼ፣ ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ሐኪሟ እንዳልሳቀች አየሁ። ወረቀቱን መልሼ ሳየው የእርስዎ ጽሑፍ ነው፤ ካልሲ ይላል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዲት ሴትዮ ጥንቸሏን ታቅፋ ተራ እየጠበቀች ነበር፤ ጥንቸሏ እንኳ ያየችኝ መሰለኝ።

ጋሼ፣ ድመት ካልሲ የላትም። ውሃ ውሃ የሚለው እርስዎ ነዎት። ለሽንት ሲመላለሱ የሚያነጉት እርስዎ ነዎት። የግራ እግሩ የቆሰለው እርስዎ ነዎት፤ ማስቲሽ እኮ ከመጀመሪያው እየነገረችዎት ነበር። እኔ ደግሞ የውሻ ቅባት ልኬልዎታለሁ!

ሐኪሟ ለሰው ማዘዝ አልችልም አለችኝ። ነገር ግን የማይሰማ ቁስል ደህና ምልክት ሳይሆን ክፉ ምልክት ነው፤ ይህ ስኳር ይመስላል፤ የእኔ አጎት ቢሆን በጀርባዬ አዝዬ እወስደው ነበር፤ እግሩን ሊያጣ ይችላል አለችኝ። እግር፣ ጋሼ! በእጄ ይዤ ልወስድዎት ስለማልችል በእግርዎ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ካልሄዱ ለጸጉር አስተካካዩ ደውዬ እነግረዋለሁ።

ልጅዎ


የካቲት 14 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ። እኔ እንደሆንኩ ከጤናዬ በፊት የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ሰጥተኸኛል።

የእኔን ደብዳቤ ጥንቸል ባቀፈች ሴትዮ ፊት ታነባለህ? ይኸን ያህል ዘመን ያሳደግሁህ ለዚህ ነው? ለጸጉር አስተካካዩ ትንፍሽ ብትል ዓይንህን አላይም። እሱ አንዴ ከሰማ እኮ ወሬው ከመቀሱ ቀድሞ ነው የሚቆርጠው። ይኸን ጽፌ ወረቀቱን ቀድጄ ነበር። ሌላ ጻፍኩ፤ እሱንም ቀደድኩ። አሁን የያዝከው አልቀደድ ያለኝ ነው።

እውነቱን ልንገርህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ አልፈጀውም።

ክረምት ላይ ለራሴ ጫማ ሠራሁ። የደንበኛ ሥራ ተከምሮብኝ ስለነበር ተረከዙን መታሁና አጠለቅሁት። እጄን አላስገባሁም። የሰውን ጫማ ሁሉ የምዳብስ ሰውዬ የራሴን አልዳበስኩም። ሚስማሩ ወጥቶ ኖሯል። ስንት ቀን ረግጬው እንደዋልኩ አላውቅም፤ አልተሰማኝማ! ማስቲሽ ናት የደረሰችበት። ጫማዬን ባወለቅሁ ቁጥር አፍንጫዋን ታስገባና ታስነጥሳለች፤ ካልሲዬን በጥርሷ ጎትታ ታወጣለች። አንድ ቀን ተናድጄ ልነጥቃት ስል ደሙን አየሁት። ከዚያ ጫማውን ገልብጬ ሚስማሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ቀጮ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ምን ብዬ ልንገርህ? ባለጌ ሚስማር ያስቀረ ልጅ ሁሉ ከሱቄ ተባሯል። የእኔን ማን ያባርር? ሐኪሙ በምን ቆሰለ ሲለኝ ምን እላለሁ? በሠራሁት ጫማ ልበል? ስለዚህ እግሬን ለድመት ሰጠኋት።

አሁን ደግሞ ተራው የአንተ ነው። ደብዳቤዬን ደጋግሜ አንብቤ ኪሴ ከተትኩ ብለሃል። አንተ በመርፌ ቀዳዳ ክር የምታሾልክ ልጅ፣ ያቺን የምታህል ካልሲ እንዴት ሳታያት ቀረህ? ማታ ማታ ነው ያነበብከው፤ እንዲያ ሆነህ ነው ያነበብከው።

አባትህ መጠጥ የጀመረው ሰሞን ማንም አላወቀበትም። ወንድሜ ጨዋ ነበር፤ አይንገዳገድም፤ አይሳደብም። ያወቀችበት የቤታችሁ ድመት ናት። በር ላይ ጠብቃ ሱሪውን ታሸትና በመስኮት ወጥታ ጣራ ላይ ታድራለች። እናትህ የድመት ነገር ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አንተም «የድመት ነገር!» ብለህ ስትጽፍልኝ ያ ሳቃችን ትዝ አለኝ። ሁለተኛ መሳቅ አልፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። እኔ ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ሚስማሩንም እናገራለሁ። አንተ ግን ስለ ራስህ ምንም አትጻፍልኝ፤ ሁለታችንም ስለ ራሳችን መዋሸት ተክነንበታል። ስለ ወይዘሪት ብቻ ጻፍልኝ። የት አደረች? እሱን ብቻ። በድመት ላይ አትዋሽ፤ እኔ ዋሽቼ የደረስኩበትን አይተሃል።

አጎትህ


መጋቢት 5 ቀን

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ይኸ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከሐኪም ቤት ተመልሰው፣ እግርዎን ዘርግተው የተቀመጡ ያድርግልኝ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ወይዘሪት አከራዬ ክፍል ነው ያደረችው። በሩ ተዘግቶ።

ስለ ራስህ አትጻፍ ብለውኛል፤ አንዴ ብቻ ይፍቀዱልኝ። በመጀመሪያ ከእንፋሎቱ ስወጣ ላቤ እስኪደርቅ አንድ ብርጭቆ ብዬ ነበር። ከዚያ ላብም ሳይኖር ሆነ። አንድ ቀን የእንግዳ ሸሚዝ ላይ ካውያውን ረስቼ አቃጠልኩት። አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። እንደ ወይዘሪት። ከካውያው አንስተውኝ አሁን የቆሸሸ አንሶላ በጆንያ ነው የምሸከመው። ይኸን ለእርስዎ ከምነግር ብሞት ይሻለኝ ነበር። እርስዎ እኮ ጸጉር አስተካካዩን «ልጄ ተኳሽ ሆነ፣ ነጭ ካናቴራ ለብሶ ነው የሚሠራው» እንዳሉት አውቃለሁ።

ፈቃድ የሚከለክል አለቃም የለም። የቀረሁት እርስዎ ፊት ለመቆም አፍሬ ነው። አባቴን ያነሳሉ ብዬ ፈራሁ። አነሱትም። ማንሳትዎ አላስከፋኝም፤ ልክ ስለሆኑ ግን ደብዳቤውን ይዤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያንን የካልሲውን ደብዳቤ ደጋግሜ ሳነብ ጠጥቼ ነበር። ከእነቁስልዎ ኪሴ ውስጥ ከትቼዎት ስዞር ከረምኩ። ይኸንን ለማንም አልነግረውም፤ ለእርስዎ ግን ነገርኩ።

ዛሬ አልጠጣሁም። ነገ አልጠጣም ብዬ አልጽፍም፤ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ልጅዎ


መጋቢት 30 ቀን

ለምወድህ ለልጄ፣ ለቀጮ፤

እንደምን አለህ? ቆሜ ነው የምጽፍልህ፤ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ። መቆሜን እንድታውቅልኝ ብዬ ነው። ፈጣሪ የአንተንም እግር ያጽናልህ።

ሁለት ጣቴ ተቆርጧል፤ ትንሿና ጎረቤቷ። እግሩ ተርፏል። ስኳር ነው አሉኝ፤ ክኒን እውጣለሁ፤ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣ ተብዬ ፊቴን አጨማድጄ እጠጣለሁ። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ከቁርጭምጭሚት ነበር አለኝ ሐኪሙ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የአንተ እኩያ። «ካልሲዎን ያውልቁ አባባ» ሲለኝ ተነስቼ ልወጣ ነበር። አወለቅሁት። ነርሷ ቀስ ብላ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። መስኮቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ይኸ የደነቆረ ጆሮዬ ያንን ሰማ። በምን ቆሰለ አለኝ። በሚስማር አልኩት። ከየት መጣ ሚስማሩ? እኔው ነኝ የመታሁት አልኩት። ጻፈውና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ። ቀጮ፣ ክረምቱንና በጋውን ሙሉ የፈራሁት ይኸንን ነበር። እሱ እቴ! ቀና ብሎም አላየኝ።

ወደዚያ የወሰደኝ ማን መሰለህ? ጸጉር አስተካካዩ። በጠዋት በሩ ላይ ስንፏቀቅ አየኝና ክንዴን ያዘ፤ «በስንት መከራ ወጣህ» አለኝ። አንተ ደውለህለት መስሎኝ ልሰድብህ ነበር። ለካ ሰውየው ከመጀመሪያው ያውቃል። ሽታው በጣውላው ስንጥቅ ይገባ ነበር አሉ። እንዴት ብዬ በአፌ ልንገርህ፣ አፈርኩ እኮ አለኝ። ያ ሁሉ ሙጫ በከንቱ! እሱ እኔን አፍሮ፣ እኔ እሱን አፍሬ፣ በመሃል ሁለት ጣት ሄደ።

የማስቲሽን ልንገርህ። ሐኪም ቤት ተኝቼ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ተቀመጥኩ፤ ፋሻውን ማሽተት ጀመረች። ዙሪያውን፣ ተረከዙን፣ ጣቶቹ የነበሩበትን። እኔ ትንፋሼን ውጬ አያታለሁ፤ ያን ሐኪም እንኳ እንዲህ አልፈራሁትም። ጨረሰችና ፋሻውን ረግጣ ጭኔ ላይ ወጣች። እዚያው የድሮ ቦታዋ ተጠቀለለች። የተከመረ ጫማ ፊቴ እያለ፣ ደንበኛ ቆሞ እያየኝ፣ አለቀስኩ። ደንበኛው ጫማውን ሳይወስድ ሄደ። ይሂድ።

ለራሴ አዲስ ጫማ ሠርቻለሁ፤ ግራው አጠር ያለ ነው። እጄን አስገብቼ ዳብሼዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

ካናቴራህ ነጭ ይሁን ጥቁር አልጠየቅሁህም። ጆንያ መሸከም ለወንድ ልጅ ነውር አይደለም። የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። ወይዘሪት የት አደረች?

አጎትህ፣ ባለ ስምንት ጣቱ


ሚያዝያ 21 ቀን

ለማከብርዎት ጋሼ፤

እግርዎን ያተረፈልኝ ፈጣሪ ቀሪውንም ዕድሜዎን ያለ ሚስማር ያድርግልዎት። ማስቲሽን ግንባሯ ላይ ይሳሙልኝ።

ወይዘሪት ደብዳቤዎ በደረሰ ሰሞን አከራዬ ክፍል ታድር ነበር። ከዚያ ወደ ደረጃው መጣች፤ ሱሪዬን አሽትታ አልሄደችም፤ እዚያው ተኛች። ደስ ብሎኝ አከራዬን ጠርቼ አሳየኋት። ባለፈው ዓርብ ደሞዝ ወጣና ጠጥቼ ገባሁ። ወይዘሪት የአከራዬን በር ቧጥጣ አስከፍታ ገባች። አከራዬ በሩን ስትዘጋ እኔን አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች። ቅዳሜና እሑድም አልወጣችም። ይኸንን ላልጽፍልዎት አስቤ ነበር።

ሰኞ ደረጃ ላይ አደረች። ማክሰኞም።

ትናንት ክፍሌ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ጫማዬን፣ እርስዎ የሠሩልኝን፣ ከበሩ ውጪ አውልቄ ነበር፤ እሱ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ወደ ውስጥ አልገባችም። በሩን ከፍቼ ተኛሁ፤ በጣም ይበርዳል።

ዛሬም ከፍቼዋለሁ።

ልጅዎ፣ ቀጮ